ሳቁን ያዙት፣ ዕቃውን ረሱት፦ በአስቂኝ የቲቪ ማስታወቂያ ላይ ምክር እፈልጋለሁ

ባለስክሪፕቱ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለሁላችሁ። የማጣበቂያ ማስታወቂያ እየጻፍኩ ነው፤ ለቴሌቪዥን፣ 30 ሰከንድ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ሥራ ፈላጊ ወጣት ለቃለ መጠይቅ ይገባል። "ተቀመጥ" ሲሉት ገና ከመቀመጡ የወንበሩ እግር ወልቆ ወለሉ ላይ ይዘረራል። ሦስቱ ጠያቂዎች ምንም እንዳልተፈጠረ ጥያቄያቸውን ይቀጥላሉ። እሱም በጀርባው እንደተንጋለለ ክራቫቱን አስተካክሎ "በአምስት ዓመት ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ላይ እደርሳለሁ ብዬ አስባለሁ" ይላል። መጨረሻ ላይ የማጣበቂያው ቲዩብ ብቅ ይልና ተራኪው ስሙን ይጠራል።

ለሙከራ በስልክ ቀርጸን ለሰዎች አሳየነው። ሳቁ። አልፈው ተርፈው በማግስቱ ላላዩት ሰዎች እያስመሰሉ ሲያወሩት ሰማሁ። "ለመሆኑ የምን ማስታወቂያ ነበር?" ስላቸው ግን ገሚሱ "የወንበር" አለኝ። አንዷ "የቅጥር ኤጀንሲ አይደል እንዴ?" አለች። ማጣበቂያ ያለ ሰው ከቁጥር አይገባም። ክላየንቱ ገና አላየውም።

ቀልዱን ላለዝበው ወይስ ስሙን ደጋግሜ ላስጠራው?

ኤዲተር በሌሊት

ሁለቱንም አታድርግ። ቀልዱን ብታለዝበው የሚያስቅም የሚሸጥም ነገር አይኖርህም። ስሙን አሥር ጊዜ ብትጠራው ደግሞ ሰው ይሰለቻል እንጂ ነገሩ አይገናኝለትም።

በሽታህ አዲስ አይደለም። ሮሰር ሪቭስ የተባለው አሜሪካዊ የማስታወቂያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 "ቫምፓየር" ብሎ ጽፎበታል፤ ከዕቃው ላይ የተመልካቹን ትኩረት መጥጦ የሚጨርስ ምስል ማለቱ ነው። ያንተ ቫምፓየር የሚወድቀው ልጅ ነው።

እኔ ስክሪፕት ሲመጣልኝ የማደርጋት ፈተና አለች። ዕቃውን አውጥቼ በቦታው ሌላ እከታለሁ፦ ሳሙና፣ ባንክ፣ የስልክ ካርድ። ቀልዱ ምንም ሳይነካው ከቆመ፣ ያ ቀልድ የዚያ ዕቃ አይደለም። ያንተ ላይ ብሞክረው የወገብ ሕመም ቅባትም ይሆናል፣ የሕይወት መድንም ይሆናል። የማይሆን ነገር የለም።

የተገላቢጦሹን ማየት ከፈለግህ የስኒከርስ ቸኮላትን የእ.ኤ.አ. 2010 ማስታወቂያ ፈልገህ እይ። ጭቃ ሜዳ ላይ የአሜሪካ እግር ኳስ በሚጫወቱ ጎረምሶች መሃል ተዋናይዋ ቤቲ ዋይት በ88 ዓመቷ ትሯሯጣለች፤ ጥለዋት ጭቃ ያለብሷታል። ጓደኞቿ "ማይክ" እያሉ እየጠሯት ምን ነካህ ይሏታል። ቸኮላቱን ስትቀምስ ተመልሳ ወጣት ወንድ ትሆናለች። ልብ በል፦ ቸኮላቱን ብታወጣው አሮጊቷ ሜዳው ላይ ለምን እንዳሉ የሚያውቅ የለም። ቀልዱ የሚፈታው በዕቃው ነው።

ጋሽ ቁምነገር

ልጆች፣ ዙሪያ ጥምጥም አትሂዱ። የማስታወቂያ ጸሐፊው ክላውድ ሆፕኪንስ ከመቶ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1923፣ ነገሩን ቋጭቶታል፤ ሰው የገንዘብ ቦርሳውን ለቀልደኛ አይከፍትም ነው ያለው በአጭሩ። ገንዘብ ቁምነገር ነው። የሚሸጥልህ ሰው ሲያሾፍ ዕቃውም የማሾፊያ ይመስልሃል።

የቻርሚን መጸዳጃ ወረቀትን ተመልከቱ። ሚስተር ዊፕል የሚባል ባለሱቅ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1985 ድረስ "ወረቀቱን አትጭመቁት!" እያለ ደንበኛ ሲቆጣ ኖረ። ተዋናዩ ዲክ ዊልሰን ከ500 በላይ ማስታወቂያ ሠርቶበታል። ተመልካች ሰለቸን አለ፣ ተነጫነጨ፤ ወረቀቱ ግን ተሸጠ። ስሙን ደጋግመህ ጥራ፣ ጥቅሙን ንገር፣ በቃ።

ተዋናይ ነኝ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ዊፕልን ያመጡት በራስዎ ላይ ነው። ያ ሰውዬ ሴቶቹን ተቆጥቶ ካባረረ በኋላ ምን ያደርጋል? ግራ ቀኙን አይቶ እሱ ራሱ ተደብቆ ይጨምቃል! ይህ ቀልድ ካልሆነ ቀልድ ምንድን ነው? ደግሞም የቀልዱ መነሻ የወረቀቱ ልስላሴ ነው። ሻካራ ቢሆን ማን ይጨምቀዋል?

ጋሽ ቁምነገር

እሱስ ልክ ነህ፣ ይጨምቃል። ነገር ግን 21 ዓመት ያቆየው ሳቁ ነው ወይስ ድግግሞሹ? እሱን መልስልኝ።

ሰናይት ጥናት

በዚህ ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ለሥራዬ አንብቤያቸዋለሁ፤ ባጭሩ ላካፍላችሁ። ዋይንበርገርና ጉላስ እ.ኤ.አ. በ1992 የቀደሙትን ሥራዎች ሰብስበው ገምግመዋል። ቀልድ ዓይንና ጆሮ ይስባል፤ ማስታወቂያውን ያስወድዳል፤ ብቻውን ግን ከቁምነገረኛው ማስታወቂያ በተሻለ ያሳምናል ማለት አይቻልም። ከዕቃው ጋር የተያያዘ ቀልድ ካልተያያዘው ይበልጣል። ባለስክሪፕቱ፣ ያንተ ጥያቄ እዚህች ላይ ነው ያለችው።

በ2009 ደግሞ ጀርመናዊው ማርቲን አይዘንድ ብዙ ጥናቶችን በቁጥር ደምሮ ሲያያቸው፣ ቀልድ ለማስታወቂያው፣ ለብራንዱና ለመግዛት ፍላጎት እንደሚረዳ አገኘ። ከዚያው ጎን ለጎን ግን የተናጋሪውን ተአማኒነት ይቀንሳል። ስለዚህ ጋሽ ቁምነገር ከባዶ ተነስተው አይደለም የሚናገሩት፤ የሚያስቅህን ሰው ትወደዋለህ፣ ቃሉን ግን እንደ ሐኪም ቃል አትቀበለውም። ዋጋው ትንሽ የሆነ፣ ሰው ብዙ ሳያስብ የሚያነሳው ዕቃ ላይ ይህ ብዙ የሚያሳስብ አይመስለኝም። ማጣበቂያ እዚያ ውስጥ ይገባል። የልብ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እልህ ነበር።

ሌላው ታዋቂው የማስታወቂያ ሰው ዴቪድ ኦጊልቪ ነው። ከሆፕኪንስ ሰፈር የወጣ ሰው ሆኖ ቀልድን ለረጅም ጊዜ ሲቃወም ኖሯል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን የተመልካች መለኪያ ውጤቶችን አይቶ፣ የሚያስቅ ማስታወቂያም ሊሸጥ እንደሚችል ተቀበለ። ለማሳቅ የሚችሉ ጸሐፊዎች ግን ጥቂት ናቸው ብሎ አስጠነቀቀ፤ ይህኛው ማስጠንቀቂያ ዛሬም ይሠራል ባይ ነኝ።

ድምፅ አጥፊው

እኔ እንግዲህ ማስታወቂያ ሲጀምር ድምፁን ነው የማጠፋው። ለእኔ የሚሆን ነገር አላችሁ? 😄

ኤዲተር በሌሊት

ቀልድህን ትተህ ጥሩ ነገር ነው ያነሳኸው። ብዙ ቲቪ ሰው በሚያወራበት ክፍል ውስጥ ነው የሚከፈተው። ድምፅ ጠፍቶ የማይገባ ቀልድ ግማሽ ቀልድ ነው። ባለስክሪፕቱ፣ መውደቁ ያለ ድምፅ ያስቃል፤ ቲዩቡ ግን ያለ ድምፅ ምን ይሠራል? መጨረሻ ላይ ቆሞ የሚታይ ሥዕል ብቻ ነው።

ባትሪ አልቋል

እዚህ ላይ የኢነርጃይዘር ባትሪን ጥንቸል የማያነሳ ሰው ይቅርታ አይገባውም። ተቀናቃኙ የባትሪ ድርጅት ዱራሴል እ.ኤ.አ. በ1973 ከበሮ የሚመቱ ሮዝ ጥንቸሎችን አሳየ፤ ሌሎቹ ሲቆሙ የዱራሴሏ ትቀጥላለች። በ1989 ኢነርጃይዘር በዚህ ሊቀልድ ተነሳ። የራሱን ሮዝ ጥንቸል መነጽር አድርጎላት፣ ትልቅ ከበሮ አሸክሟት፣ ከስቱዲዮ አስወጣት። ከዚያ ሌላ ማስታወቂያ ይጀምራል፤ እውነተኛ የቡና ወይም የመድኃኒት ማስታወቂያ ይመስልሃል። መሃል ላይ ጥንቸሏ ከበሮዋን እየመታች ሰንጥቃው ታልፋለች። እንዴት ያለ ሐሳብ ነው!

ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተመልካች ሲጠየቅ፣ ማስታወቂያውን ወደድነው ካሉት ጥቂት የማይባሉት "የዱራሴል ነው" ነበር የሚሉት። በተቀናቃኝህ ምልክት ስትቀልድ ለተቀናቃኝህ በነፃ ትሠራለታለህ ማለት ነው። በኋላ ጥንቸሏን ባትሪው ማሸጊያ ላይ አተሟት፤ ሰው መደርደሪያው ፊት ቆሞ ሲያያት "አሃ፣ የዚህኛው ናት" እንዲል። ባለስክሪፕቱ፣ ማስታወቂያህ ላይ ያለው ነገር ማሸጊያው ላይ አለ? የቲዩቡ ቀለም ምንድን ነው?

ባለስክሪፕቱ

ቀይ፣ ክዳኑ ቢጫ። ማስታወቂያው ውስጥ ቀይም ቢጫም የለም፤ ግራጫ ቢሮ ነው ያሰብኩት። ይህን ልብ አላልኩትም ነበር።

የሚዲያ ገዢ

እኔ የአየር ሰዓት ነው የምገዛው፤ የምጨነቀው ለመጀመሪያው ሳቅ ሳይሆን ለሃያኛው ነው። ተመልካች አንድን ማስታወቂያ አንዴ አይቶ አይተውም፤ ደጋግመን እናቀርብለታለን። በድንገተኛ መጨረሻ ላይ ብቻ የቆመ ቀልድ ሁለተኛው ቀን ላይ ይሞታል፤ ወንበሩ እንደሚሰበር ካወቅህ በኋላ ምን ይቀርሃል? በባሕርይ ላይ የቆመ ቀልድ ግን ይሰነብታል። የጥንቸሏም ብልሃት እዚህ ላይ ነው፦ ምን እንደሚመጣ ታውቃለህ፣ የት እንደምትገባ ግን አታውቅም። ስለዚህ ሲቀርጹ አንድ ቀን ጨምረው ሁለት ሦስት የተለያየ መጨረሻ ቢይዙ ይሻላል፤ ተዋናዩም ቢሮውም እዚያው ስላለ ብዙ ወጪ አይጨምርም።

ስሙም ቢሆን በቀልዱ ውስጥ ቢገባ ጥሩ ነው። አፍላክ የተባለው የአሜሪካ መድን ድርጅት ስሙን የሚያስታውስለት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ዳክዬ አመጡ። ሁለት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው "ያ መድን ማን ነበር ስሙ?" ይባባላሉ፤ ዳክዬው "አፍላክ!" ብሎ ይጮኻል፤ የሚሰማው የለም። አየህ፣ ሰውየው በጠየቀ ቁጥር ስሙ ይጠራል፣ ግን እንደ ድግግሞሽ አይቆጠርም፤ ቀልዱ ራሱ መጥራቱ ነው። ለጋሽ ቁምነገር ጥያቄ መልሱ ይህ ይመስለኛል።

ጋሽ ቁምነገር

ይህችን ወደድኳት። ነገር ግን የዚያው ዳክዬ ድምፅ የነበረው ኮሜዲያን ጊልበርት ጎትፍሪድ እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓን በሱናሚ ስትመታ በትዊተር ቀለደ። አፍላክ ደግሞ አብዛኛውን ገቢውን የሚያገኘው ከጃፓን ነው። ወዲያው አባረሩት። ቀልደኛ ስትቀጥር የቀልደኛውን አፍ አብረህ ትቀጥራለህ።

ሰናይት ጥናት

በዚያው ዓመት የቅናሽ ኩፖን ሻጩ ግሩፖን ለሱፐር ቦውል፣ ለአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ ጨዋታ፣ ያቀረበውም አለ። ማስታወቂያው ለቲቤት ሕዝብ መከራ የእርዳታ ጥሪ መስሎ ይጀምርና ድንገት ወደ ምግብ ቤት ቅናሽ ይዞራል። ተመልካች ተቆጣ፤ በቀናት ውስጥ ከአየር አወረዱት። የሚገርመው፣ ኩባንያው ሐሳቡ በራሱ ላይ ማሾፍ እንደነበር ነው ያስረዳው። ተመልካቹ ግን የሚሾፍበት ማን እንደሆነ በ30 ሰከንድ ውስጥ ሊለይ አይችልም። ማን ላይ እንደሚሳቅ ወዲያው ካልገባ፣ ሁልጊዜ የሚታሰበው ደካማው ላይ እንደተሳቀ ነው። የባለስክሪፕቱ ልጅ ላይም ትንሽ ይህ ነገር አለ። ሥራ ያጣ ሰው ወድቆ ሦስት ባለሥልጣን ዝም ብለው ያዩታል። እኔ መጀመሪያ ሳነበው ስቄ ከዚያ ከነከነኝ።

ባትሪ አልቋል

ሰናይት ጥሩ ነጥብ። እንግዲያው እንዲህ ቢሆንስ? ልጁ ተራ ሲጠብቅ ወንበሩ ሲነቃነቅ ያይና በጨዋነት ማጣበቂያ አውጥቶ ይጠግነዋል። ሲጠሩት እጁ ከወንበሩ ጋር ተጣብቋል! ወንበሩን ተሸክሞ ይገባል። "ተቀመጥ" ሲሉት "ይዤ መጥቻለሁ" ይላል። 😂 አሁን ማጣበቂያውን አውጥታችሁ ሳሙና ክተቱ እስቲ!

ጋሽ ቁምነገር

ክላየንቱ ሲያየው በሩን ያሳይሃል። "ማጣበቂያችን ቆዳ ይይዛል" ብለህ በቲቪ ልታውጅለት ነው። ደግሞ ቤት ውስጥ ልጆች ያያሉ፤ ነገ የሚሞክሩት እጃቸው ላይ ነው።

ባትሪ አልቋል

እሺ ጋሼ፣ ተረታሁ። "ይዤ መጥቻለሁ" ግን ታሳዝናለች።

ኤዲተር በሌሊት

ታሳዝናለች፣ ግን ጋሽ ቁምነገር ልክ ናቸው። ቀልዱ የዕቃው መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የዕቃው ጥሩ ጎን መሆን አለበት። የበርገር ቤቱ ዌንዲስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረበውን አስታውሱ። ሦስት አሮጊቶች የተፎካካሪን በርገር ከበው ያያሉ፤ ዳቦው ትልቅ፣ ስጋው የጥፍር ያህል። ክላራ ፔለር፣ የ81 ዓመቷ ጡረተኛ ጥፍር ሠሪ፣ "ስጋው የታለ?" ብላ ትጮኻለች። አገሩ ሁሉ ያዛት። በዚያው ዓመት ዋልተር ሞንዴል በዲሞክራቶች ምርጫ ክርክር ላይ የተፎካካሪውን የጋሪ ሃርትን "አዳዲስ ሐሳቦች" ለማጣጣል ይህችኑ ጥያቄ ወረወረበት። ፖለቲካ ውስጥ ገብታ እንኳ ትርጉሟ አልተለወጠም፦ ሽፋኑ ትልቅ፣ ውስጡ ባዶ። ዌንዲስም የሚለው ይህንኑ ነበር። ሳቁን የደገመ ሰው ሁሉ ሳያውቀው መከራከሪያውን ደገመ።

መጨረሻው ግን ትንሽ ይጎረብጣል። ክላራ በ1985 ለፓስታ ሶስ ማስታወቂያ "አገኘሁት!" ስትል ዌንዲስ አሰናበታት።

የሚዲያ ገዢ

ስለ መታወስ ካነሳን የቤት እንስሳት ዕቃ በኢንተርኔት ይሸጥ የነበረው ፔትስ ዶት ኮምም ይታወስ። ከካልሲ የተሠራ ውሻ ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ሱፐር ቦውል ላይ አወጡት። ሰው ወደደው፣ አሻንጉሊቱ ተሸጠ። ዕቃቸውን ግን ከገዙበት በታች ነበር የሚሸጡት። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ ተዘጉ። አሻንጉሊቱን በኋላ የመኪና ብድር ድርጅት ገዛውና ሌላ ማስታወቂያ ሠራበት። ክላየንቶች "እንደዚያ የሚወራለት ነገር ሥራልኝ" ሲሉኝ ይህን ነው የምነግራቸው። ሰው አስታወሰህ ማለት ሒሳብህ ተስተካከለ ማለት አይደለም።

ተዋናይ ነኝ

ወደ ልጁ ልመለስና አንድ ሐሳብ ልስጥ። ገልብጡት። ልጁ ተራ ሲጠብቅ የተቀመጠበት ወንበር እግሩ ተነቃንቆ ያገኘዋል፤ ቲዩቡን ከኪሱ አውጥቶ ያጣብቃል፤ ያንኑ ወንበር ይዞ እንዲገባ ይደረጋል፣ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ጎድሏልና። ከዚያ ቃለ መጠይቁ ይጀምራል። የሚሰበረው የሌላው ሰው ሁሉ ነው። መጀመሪያ መደርደሪያው ይወርዳል። ከዚያ የግራው ጠያቂ ወንበር፣ ከዚያ የቀኙ። አለቃው ጠረጴዛውን ደገፍ ሲል ጠረጴዛውም እሱም ይወርዳሉ። ልጁ ብቻ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። አለቃው ከወለሉ ቀና ብሎ "መቼ ሥራ ትጀምራለህ?" ይላል።

ይህን ስትቀርጹ አደራ፣ ልጁ ፈገግ እንዳይል። ማስታወቂያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ነገሩ አስቂኝ መሆኑን ማወቅ የለበትም። ተዋናዩ ካሜራውን "አያችሁልኝ?" ብሎ ካየ አለቀ። አለቃውም ሲወድቅ አይጩህ፤ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ወለል ላይ ሆኖ ይጨርስ።

ሰናይት ጥናት

አሁን የሚሳቀው ከላይ በተቀመጡት ላይ ነው። የከነከነኝ ነገር ሄደ።

ድምፅ አጥፊው

ይህንን ድምፅ አጥፍቼም አየዋለሁ። ቃል አያስፈልገውም።

ባለስክሪፕቱ

ተዋናይ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌሊቱን ጻፍኩት። መጀመሪያ ላይ ቲዩቡ በቅርብ ይታያል፤ ቢሮው ግራጫ እንደሆነ ይቆይ፣ ቀይ ነገር ቲዩቡና የልጁ ክራቫት ብቻ። መጨረሻ ላይ ተራኪው ከአለቃው ጥያቄ በኋላ ወዲያው ስሙን ይጠራል። ለሚዲያ ገዢ ሐሳብ ደግሞ ሁለተኛ መጨረሻ አስቤያለሁ፦ ልጁ ሊወጣ በሩን ሲከፍት የበሩ እጀታ እጁ ላይ ይቀራል፤ ዝም ብሎ ወደ ኪሱ ይገባል፣ ቲዩቡን ያወጣል።

ኤዲተር በሌሊት

ሁለተኛው መጨረሻ ከመጀመሪያው ይበልጥብኛል፤ ቲዩቡን ደግመህ ታሳያለህ፣ ማንም ግን "ደገሙት" አይልህም። ተራኪውን ግን አዘግየው። ሰው ሲስቅ አይሰማም። ስሙን ከሳቁ ላይ ከደረብከው ይጠፋል። ከሳቁ በኋላ ትንሽ ጸጥታ ተው፣ አለቃው ልብሱን ያራግፍ፣ ከዚያ ስሙ ይምጣ። ሰከንዱን ከመደርደሪያው መውደቅ ላይ መቀነስ ትችላለህ።

የሚዲያ ገዢ

ባለ 15 ሰከንድ አጭሩንም አሁኑኑ አስብበት። ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚወጣው ጥገናው እንዳይሆን። እሱ ከወጣ ወደ ወንበር ማስታወቂያ ተመለስክ።

ባለስክሪፕቱ

ዛሬ ጠዋት በስልክ የቀረጽነውን ሙከራ እዚህ ላይ ጭኜዋለሁ። የመብራቱን ነገር እለፉልኝ። በተለይ ጋሽ ቁምነገር ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።

ጋሽ ቁምነገር

አየሁት። አለቃው ሲወርድ ሳላስበው ስቄያለሁ፤ ባለቤቴ ምን ሆንክ አለችኝ። ለእሷም አሳየኋት፤ "የማጣበቂያ ነው" አለች ሳልጠይቃት።

አንድ ነገር ግን አስተካክል። ልጁ ወንበሩን ሲጠግን ቲዩቡን የያዘበት አውራ ጣቱ ስሙ ላይ ነው፤ የሚነበበው የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው። ከታች ጫፉ ላይ ይያዘው።